ማህተሙ ካዝና ውስጥ ነው

የሰው ነገር ይገርመኛል። ሙቀጫ ሲያውስ «ዛሬውኑ መልሺ፣ ዘነዘናውን እንዳትረሺ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ጎረቤት፣ የሰፈር ሀብት ሲሆን ግን «ይያዙልን» ብሎ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። እናንተም ሰፈር ሳይኖር አይቀርም፤ ማህበር በተቋቋመ ቁጥር ማህተሙ የሚሰጠው ለደከመው ሳይሆን ካዝና ላለው ነው። ማክበራችን ነው።

የእኛን የእግር ኳስ ቡድን የመሠረቱት አባባ ተሰማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ልጆቹን በማለዳ የእንጦጦን ዳገት እስከ ራጉኤል ያስሮጧቸዋል፤ እኛ ሴቶች ማልያ በተራ እናጥባለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአንድ ቡድን ጭቃ ማስለቀቅ ምን እንደሆነ ያጠበ ያውቀዋል። የልጄ ጨርቅ ተዘፍዝፎ እየጠበቀ የአጥቂውን ካልሲ የፈተግኩበት ቀን አለ። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ በረኛው ባሌ ነው፣ ቡድኑ የኛ ነው። ይመስለኝ ነበር።

ቡድኑ ደሞዝ የሚከፈልበት ሊግ ሲገባ ጋሽ ደሳለኝ የሚባሉ ባለሆቴል ከች አሉ። በሬ አረዱ። ሽማግሌዎቹ በልተው ሲያበቁ ተንሾካሾኩና፣ «ማህተሙም እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ የኛ ቤት መቼም ቆርቆሮ ነው» አሏቸው። እልልታው ቀለጠ።

ክረምቱ ሲወጣ ቡድኑ ጋሽ ደሳለኝ ሌላ ሆቴል ወደከፈቱበት ሩቅ ከተማ ተዛወረ። የሰፈራችንን ስም እንደያዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና አባባ ተሰማ ፌዴሬሽኑ ዘንድ አቤት ሊሉ ቢሄዱ፣ ቢሮ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ማህተም ይዘዋል?» አለቻቸው።

ማልያውን ሊወስድ የጋሽ ደሳለኝ ሹፌር የመጣው በእኔ ተራ ነው።

«አልደረቀም» አልኩት።

«እህቴ፣ እርጥቡንም ቢሆን አምጣ ተብያለሁ።»

«በረኛውንስ?»

አንገቱን ደፋ። «እሱን እዚያ ገዝተዋል።»

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ማልያውን ራሱ ከገመዱ አውርዶ፣ አጣጥፎ ሰጠው። የራሱን አንድ ቁጥር ጭምር።

አሁን በሬዲዮ የሰፈራችን ስም አሸነፈ ሲባል ባሌ ብድግ ይላል። ከዚያ ይቀመጣል።

ባለፈው እሁድ አዲስ ቡድን ልንመሠርት ተሰበሰብን። ባሌ ጓንቱን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አራግፎ ነው የመጣው። «ማህተሙ ማን ጋ ይቀመጥ?» ሲባል፣ በሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው እኔ፣ «አባባ ተሰማ ጋ» አልኩ። ሳቁ። ቀድመው የሳቁት አባባ ተሰማ ናቸው።

«ተይ ልጄ፣ ካዝና እንኳ የለኝ! ሰው ምን ይለናል?»

ሲግናል ሰፈር ፎቅ ያላቸው ሰውዬ ተመረጡ። ተጨበጨበ። ባሌም በጓንቱ አጨበጨበ።

ቤት እንደገባሁ ማልያ የማሰጣበትን ገመድ ከግንዱ ላይ ፈታሁት።

«ምነው አንቺ?» አለኝ።

ጠቅልዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይህንንም ካዝናቸው ውስጥ ያስቀምጡላችሁ።»