ቢራቢሮ ለማየት የተመከረ ጉዞ

ያን ዕለት ሸዋ ሮቢት፣ ከሼህ ይማም ደጅ ዋርካ ሥር ጫት ይዘን የተቀመጥነው ሼሁ፣ ነጋዴው ጋሼ አሊ፣ ግመል ነጂው ሰይድና እኔ ነበርን። ዘመኑ የጣልያን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በምርቃና ጉዞ የሚያቅድ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ተቀምጦ የማይደርስበት አገር የለም። የዚህ ወገን አለቃ ጋሼ አሊ ነበሩ። በበጋ ከደጋ ወርደው ወንዝ ዳር የሚከርሙትን ቢራቢሮዎች ሄደን እንይ አሉ። ወንዙ ከተቀመጥንበት ይታያል።

«በቅሎዋ ለሼሁ ትሁን፤ ግመሉ ውኃ ይጫን።»

«ጋሼ፣ ወደ ወንዝ እየሄድን ውኃ ምን ይሠራል?» አለ ሰይድ።

«ለመንገድ ነዋ!»

ይህን ከአጥር ጀርባ ያደመጠ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን ደግኖ ገባ። «ከደጋ ወርደው ወንዝ ዳር የሰፈሩት እነማን ናቸው? ሽፍቶቹ አይደሉም?»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይሰቀል ነበር።

«ቢራቢሮ ናቸው ልጄ» አሉ ሼሁ።

ማን ያምናል? እጃችንን ሊያስርበት ከወገቡ ገመድ ፈትቶ «ተነሡ!» አለን።

«ጫት ተይዞ ዱዓ ሳይደረግ አይነሣም» አሉት ሼሁ በርጋታ። «እስከዚያው ቁጭ በልና ቃም።»

ቃመ። ጥቂት ቈይቶም ለእጃችን የፈታውን ገመድ ለግመሉ ጭነት ማሰሪያ አበረከተ። «በቅሎዋን ፊት አታስቀድሟት፣ ትደነብራለች» ሲል ሰማሁት። «ፊት ፊት የምመራ እኔ ነኝ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢራቢሮዎቹ በራሳችን ላይ አለፉ። ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ በቅሎዋን ማን ይሳባት የሚለው ገና አልተቈረጠም። ለመሄድ የመከርነው አራት ነበርን፤ የቀረነው አምስት ሆንን።