ክቡር እሽግ የሸፈኑት ሰባት መስመር

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ምስጢረኛ ሰው አይጠፋም። ስንት ሰዓት ነው ብትሉት መጀመሪያ ግራ ቀኙን ያያል፣ ሰዓቱን በእጁ ከልሎ ለብቻው ያነባል፣ ከዚያ «ለምን ፈለጋችሁት?» ይላችኋል።

የኛው የውጭ ጉዳይ መዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ክቡር እሽግ ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ተሰናብቼ እዚያው ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ አለቆችን በየተራ አስመስላለሁ። የሳቸው ቀላል ነው። አገጭን ኮሌታ ውስጥ ቀብሮ በአፍንጫ «ይሄ የሚነገር አይደለም» ማለት ነው።

የሽንት ቤቱ ቁልፍ የት ነው? የሚነገር አይደለም። የት ነው የሚኖሩት? የሚነገር አይደለም። ምሳቸውን በር ዘግተው ይበላሉ። አንዴ ሁለት ሳምንት ታመው ቀሩ፤ መቅረታቸውን ያወቅነው እያሳሉ ሲመለሱ ነው።

ታዲያ ምክር ቤቱ በድንበሩ ድልድይ ጉዳይ ጎረቤት አገር ያለው አምባሳደራችን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ አምጡ አለ። ለአገር የሚያሰጋ መስመር ካለ ብቻ በጥቁር ቀለም ይሸፈን ተባለ፤ ሥራው ለክቡር እሽግ ተሰጠ።

«የምክር ቤቱ ሰዎች አለቀላቸው፣ ጥቁር ወረቀት ነው የሚያነቡት» አልኩ።

ሰባት መስመር ብቻ ሸፈኑ፤ በሰባት ደብዳቤ መጨረሻ አንድ አንድ። አምባሳደሩ ጎረቤት አገሩን የዘረጠጠበት ሁሉ እንዳለ ሄደ። ምክር ቤቱ ጠረጠረ። ስድቡን ትተው ይሄን የደበቁት ምን ቢሆን ነው? ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ይዘው ቀርበው ያስረዱ፣ አለዚያ ከሥራ ይባረራሉ ተባለ። የደብዳቤዎቹን ሣጥን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢዋ «ያንብቡልን» አሏቸው።

«ይሄ የሚነገር አይደለም።»

«እንጀራዎ ነው እኮ፣ አባቴ።»

 ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። «ለመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ ሳሉ ለቀቀህ ወይ?» ሁለተኛውን ገለጡ። «ለመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ ሲያምህ ውሃ እንኳን የሚያቀብልህ ሰው አለ?» ሦስተኛውን ጮክ ብለው አላነበቡትም።

«መታመምዎን በምን አወቀ?»

«ደብዳቤው ደርሷል ብዬ ስጽፍለት፣ ስላመመኝ ዘገየሁ ብዬው ነበር።»

«ታዲያ ይሄ የአገር ምስጢር ነው?»

«የአገር አይደለም» አሉ። «የኔ ነው።»

በማስጠንቀቂያ ታለፉ። ደብዳቤዎቹ ግን ምክር ቤቱ ጋ ቀሩ። አምባሳደሩም ሰው ሁሉ እንደሚያነብበት ገባው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሦስት ደብዳቤዎች መጨረሻቸው ባዶ ነው። ሦስተኛውን ሲያነቡ አየኋቸው። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

ሳላንኳኳ ገባሁ። «ጋሼ፣ ሳሉስ እንዴት ነው?»

አገጫቸውን ኮሌታቸው ውስጥ ቀበሩት። ከዚያው ውስጥ በአፍንጫቸው «ደረቅ ነው» አሉ።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። የት ጋ እንደሚወጋቸው፣ በየትኛው ጎን ሲተኙ እንደሚብስ፣ የትኛው ሽሮፕ ከየትኛው እንደሚመር። የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ገና የባለፈው ክረምት ሳል ላይ ነበሩ። እንዲህ የሚያሰለች ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።