ልጓም የመሰለችው ሽቦ

እስቲ ፍረዱኝ፤ ደህና የሚሄድን ነገር ምን ጎደለው ብለው ይፈቱታል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይኼን ነው። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም፤ ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ።

ጎረቤቴ ግርማይ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ሞተር ብስክሌት ገዛ። ይግዛ። ዕድሜውን የጨው ነጋዴ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ እግሩ ቢያርፍለት ማን ይጠላል? የሞተሩ መሪ ግን ዝቅ ያለ ነበርና ጎንበስ ያደርገዋል። በመቀሌ ገበያ መሐል ጎንብሶ ማለፍ ሞት ሆነበት። በቅሎ ላይ ቀጥ ብሎ የኖረ ሰው ለብረት አይሰግድም አለና፣ የድሮውን አውልቆ የበሬ ቀንድ የሚያህል ሰፊና ከፍ ያለ መሪ ገጠመበት።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቀኙ እጀታ ሲጠመዘዝ አንዲት ቀጭን ሽቦ ይስባል፤ እሷ ስትሳብ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣና ይሮጣል። መሪው ከፍ ሲል ሽቦዋ አጠረች። ሰው እንግዲህ ረጅም ይፈልጋል አይደል? ግርማይ ያችኑ ጎትቶ፣ በመሪው አንገት ፊት ለፊት አዙሮ፣ እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ አሰራት። ልጓም ከላላ በቅሎ መንገድ ይስታል አለኝ፣ ሊያስተምረኝ። አይ ሰው! ልጓም ሲሳብ ያቆማል፤ ይህቺ ስትሳብ የምታስሮጥ አይደለችም እንዴ?

እኔ መቼም ዓይኔ አያርፍም። በግቢያችን መሐል ያለው ካብ እስከ ደረቴ ነው፤ ሳልፈልግም አያለሁ። ሞተሩን አስነሥቶ በቆመበት መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር፣ እጀታውን ሳይጠመዝዘው ሞተሩ ጮኸ። ሲያቀናው ዝም። እንደገና ወደ ግራ፣ እንደገና ጩኸት። ይኼን ለማየት ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል?

ለሞተሩስ ምን ገዶኝ። ሚስቱ ለተብርሃን የበኩር ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እናቷ ደግሞ ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው ኲሓ ናቸው። ይኼ ሰውዬ በዚያ ሆዷ ከኋላው አፈናጦ ሊወስዳት ተነሣ! እሷ ፈርታ በቅሎ ይሻለኛል ብትለው፣ የባለ ሞተር ሚስት በበቅሎ ብሎ ተቆጣ።

ዝም አላልኩም። «ሽቦዋን አላላት፤ ወደ ግራ ስትዞር ሞተሩ ራሱ ይነሣብሃል» አልኩት። «ኣደይ፣ እርስዎ ወጥዎን ይጠብቁ» አለኝ። የሰፈሩን ሽማግሌ አቦይ ሓጎስን ጠርቼ ብነግራቸው፣ ሴት ስለ ብረት ምን ታውቃለች ብለው ሳቁብኝ።

ጠዋት ለተብርሃን ነጠላዋን አደግድጋ ስትወጣ እጇን ለቀም አደረግሁ። «መጀመሪያ ብቻህን ጥጉን ዞረህ ና» አልኩት ግርማይን። «ከዚያ እኔው ራሴ አቅፌ አስቀምጥልሃለሁ።»

ሊያላግጥብኝ እያፏጨ ሄደ። ጥጉ ላይ ወደ ግራ ዞረ። ሞተሩ አበደ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደ በቅሎ መሪውን ወደ ደረቱ ሳበ፣ ሃይ ሃይ እያለ! ሰፈሩ ቆሞ እያየው የአቦይ ሓጎስን የገለባ ክምር በስቶ ገባ።

ሲወጣ አንድ ጥርስ ጎድሎታል። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው። አሁን ይቅርታ ይለኛል ብዬ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ምን ተባለ መሰላችሁ? በእኔ ዓይን ነው የወደቀው! ከካቡ ላይ አይታ አይታ፣ ተናግራ ተናግራ ጣለችው። አቦይ ሓጎስም ገለባቸውን ከጋቢያቸው እያራገፉ ፈረዱ፦ ያየችው ሴት ሞተሩ ላይ ትትፋና ዓይኗ ይልቀቀው። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ!

እሺ፣ እተፋለሁ አልኩ። ግን ምራቄ በተወጠረ ሽቦ ላይ አይሠራም። ረጅም ሽቦ ይምጣ፤ በአንገቱ ጎን ላላ ብሎ ይለፍ፤ መሪው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ይዙር፤ ሞተሩ ካልጮኸ ያኔ እተፋለሁ። ለተብርሃንም በበቅሎ ትሂድ፤ አለዚያ ዓይኔ አይለቅም። ለምክር እንቢ ያሉት ሰዎች ለምራቅ እንዴት ታዘዙ! ሁሉንም አደረጉ። ለተብርሃን በሰላም ኲሓ ገብታ ወንድ ልጅ ታቀፈች።

ሞተሩም ይኸው ደህና ይሄዳል። ከተማው ሁሉ ምራቋ ፈወሰው ይላል፤ ባለ ብስክሌቱም ባለ ጭነት መኪናውም ደጄን ያንኳኳል። እኔም አልከራከርም። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያን ቀን እንትፍ ስል ግርማይ ሞተሩን ደግፎ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ ሞተሩ ላይ የደረሰው ጥቂት ነው።