ማሙሽን ፍለጋ

በቁልምጫ መጠራት ደስ ይላል፤ ግን ዋናውን ስማችንን የት ነው የምንጥለው?

ኢስትሊ ሰፈር ያሉት አከራዬ፣ እትዬ ሚሚ (በዚያ ሽበታቸው ዛሬም ሚሚ ናቸው)፣ «ታናሽ ወንድሜን ከኤርፖርት ተቀበልልኝ» አሉኝ። የወንድማቸውን ስም ጠየቅኩ።

«ማሙሽ ነዋ!»

«የፓስፖርታቸውን ማለቴ ነው።»

«እኔ ፓስፖርቱን ምን አውቄ? ማሙሽ እያልኩ ነው ያሳደግኩት!»

ማታቱ ታክሲው ውስጥ ጭንቀት ገደለኝ። ስዋሂሊ የማያውቁ እንግዳ ቢጠፉብኝ ምን ብዬ ልመለስ? ኢምባካሲ ኤርፖርት ደርሼ «ማሙሽ» ብዬ የጻፍኩበትን ካርቶን ከፍ አደረግኩ። አንድ መላጣ ሰውዬ ፈገግ ብለው መጡ። ተመስገን! ወዲያው ሌላ ሪዛም ተከተሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ ባለ ከዘራ። ሦስቱም «ማሙሽ ነኝ» አሉ።

ካርቶኑን ዝቅ አደረግኩ። ትክክለኛው እንዲለይልኝ «የላኩኝ እትዬ ሚሚ ናቸው» አልኩ።

ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ሚሚ እህቴ!» ብለው አቀፉኝ።