ሽማግሌዎቹና የልጄ ካልሲየም

ሰው የማያውቀውን ነገር ቢፈራ አልፈርድበትም። ፍርሃቱን በሰው ልጅ ላይ ሲጭን ግን ዝም ማለት ያቅተኛል፤ ዝምታ ደግሞ፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ፣ ለእኔ ከባድ ነገር ሆና አታውቅም። እናንተም ሴት ልጅ ካላችሁ ይገባችኋል፤ ስለ ልጃችሁ ሥራ አገሩ ሁሉ ከእናንተ በላይ ያውቃል።

የእኔዋ ለሊሴ የኑክሌር ፊዚክስ ሰው ናት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወደ እርሻ የተመለስኩ ነኝ፤ ስለዚህ የነገረችኝን ብቻ ልንገራችሁ። ካልሲየም፣ ያው አጥንታችን ውስጥ ያለው፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው ይከብዳል፤ ከባዱ ብርቅ ነው። እሱ ተለይቶ በዱቄት መልክ ይመጣላታል። ወደ ብረትነት ትመልሰውና ከወረቀት እስኪሳሳ ትዳምጠዋለች፤ አየር ስለሚያበላሸው አየር በሌለበት ታኖረዋለች፤ ውፍረቱንና ጥራቱን ትለካለች። ከዚያ በጨረር ይመቱትና የሚሆነውን ያያሉ። ይህ ሁሉ ባሕር ማዶ ባለ ቤተ ሙከራ ነው፤ ተራ ያመለጠው ሌላ መቼ እንደሚደርሰው አያውቅም። የእሷ ተራ ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ጎሮ፣ እቤቴ ድረስ መጡ። ሳሚ ለሚባል የሲኤምሲ ልጅ ለሊሴን ሊጠይቁ። እንደ ወጉ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ክፉ የለበትም። እሺ ልል አፌን ስከፍት መሪያቸው ጋሽ ታደሰ አንዲት ነገር ጨመሩ።

«ብቻ ያንን ሥራ ትተወው። ማሕፀን ያደርቃል ይላሉ። ጉዞውም ይቅር፤ ኦሎምፒያ ያለ ባንክ እናስገባታለን።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰዎች። ካልሲየም የሚሉት ነገር አደገኛ ነው።»

አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታዴ፣ ሐኪሙ ለአጥንትህ በየቀኑ ዋጥ ያለህ ታዲያ ምንድን ነው?»

ጋሽ ታደሰ ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። «የእኔ የፋርማሲ ነው» አሉ።

«ልጄ ሥራዋን ትታ አትዳርም» አልኩ። «እንግዲህ ቁሙ።»

ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ማናችንም ጉልበታችንን አላጠፍንም።

ለሊሴ ከጓዳ ወጣች። «አባባ፣ ስለተከራከሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ሳሚ ሥራ ትተው ብሎ አልላካችሁም፤ ከራሳችሁ ነው የጨመራችሁት። እሱን አገባለሁ፤ ሥራዬን አልተውም። ሰርጉ ልኬቱ አልቆ ስመለስ ነው።»

«አባት አይደሉ እንዴ? አንድ ነገር ይበሉ እንጂ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

ምን ልበል? ለሦስት ሽማግሌ የበቃ ጉልበቴ ለእሷ አልበቃም። «ሰምታችኋል፤ ተቀመጡ» አልኳቸው።

ሰፈርተኛው አሁን፣ እዚያ ቤት የምታዘው ልጅቷ ናት ይላል። ይበል። ውሸትም አይደለም። ትናንት ሻንጣዬን ቦሌ ድረስ ይያዙልኝ አለችኝ፤ ያዝኩ። ሁለተኛውን ሻንጣ ሳሚ ተሸክሞ ነበር፤ እሱማ ከእኔ ፈጥኖ ነው የታዘዘው።