ጠረጴዛው ዝቅ ሲል ቀና ያለች አንገት

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ይህን ስታነቡ እንዴት ነው የተቀመጣችሁት? ጎበጥ ብላችሁ ከሆነ ቀና በሉማ። ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ይቅርታ። የአንገት ነገር ሲነሳ ቀልድ አላውቅም።

ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ኮምፒዩተር ወሬው እንጂ ራሱ ገና ያልደረሰን ጊዜ ነው። የጽሕፈት መኪናዬ ከባድ ብረት ነበረች። የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ለረጅም ሰው የተሠራ ነው፤ ወንበሬ ደግሞ ዝቅ ያለ። እኔስ? እናቴ «ልከኛ» ትለኛለች፤ እናት አይደለች። ስጽፍ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል፣ ክንዴም ሽቅብ ይሰቀላል። ከሩቅ ላየኝ ሰው የምጽፍ ሳይሆን ከቆጥ ላይ ዕቃ የማወርድ እመስላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንገቴ አልዞርም አለች። ሰው ከኋላ ሲጠራኝ እንደ በሬ ከነገላዬ ነበር የምዞረው። ቀጥሎ ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኔ አልደበቅኩም፤ መከራዬም የመጣው ከዚያ ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ብርድ ነው አለች፤ መስኮቱን ዘጋን። ሾፌሩ የለም ሙቀት ነው አለ፤ ከፈትነው። ጎረቤቴ ደግሞ ዓይን ነው አለችኝ። የሚቀናብኝ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ሞጣ እናቴ ዘንድ ስሄድ በቅቤ አሸችኝና ወጌሻ ጠራች። ወጌሻው አንገቴን ሲጠመዝዘው የማውቀውንም የማላውቀውንም ቅዱስ ጠራሁ። ስመለስ ደግሞ መኪናው ደብረ ወርቅ ላይ ሲቆም ስለት ተሳልኩ። ሰኞ ቢቸና ገብቼ እዚያችው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ማክሰኞ እንደ ነበርኩት ሆንኩ። ወንበርና ጠረጴዛን ማን ይጠረጥራል? ልብ ካላየ ዓይን አይፈርድም።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የሚጻፈው ደብዳቤ ተከመረባቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እጄ ካልተሻለው ሌላ ጸሐፊ እንደሚፈልጉ በለሆሳስ ነገሩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴም እኔም የምናድረው በእነዚያ ጣቶች ነበራ።

እያለቀስኩ ስወጣ ጥበቃችን ጋሽ ጫኔ አዩኝ። ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት ዕድሜያቸውን ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተከትለውኝ ገቡና እስቲ ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። አዩኝ፣ አዩኝና ጠረጴዛው በማን ልክ እንደተሠራ ጠየቁኝ። እንጃ፣ ስቀጠርም እዚሁ ነበር አልኳቸው።

«ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ነው የሚሠራ» አሉ። «ጉድጓዱን በእግሬ ልክ ቆፈርኩ እንጂ፣ እግሬን በጉድጓዱ ልክ አልቆረጥኩም። በሽታሽ ጠረጴዛው ነው፣ ልጄ።»

ቢሮው ሳቀ። ሸማኔና የጽሕፈት መኪናን ምን አገናኛቸው ተባለ። እኔም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ ፈገግ ብያለሁ። ግን የጨነቀው ምን የማይሞክረው አለ? ጋሽ ጫኔ ለጊዜው መቀመጫሽን ከፍ እናድርገው ሲሉኝ እሺ አልኩ። ከመዝገብ ቤት የድሮ ሪፖርቶች አምጥተን ወንበሩ ላይ ደረደርን፤ ለእግሬ መርገጫ የቢራ ሣጥን አደረግን። ያን ሁሉ ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ግን ያኔ ነው።

ሁለት ቀን ተመቸኝ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ደብዳቤ ሊያጽፉኝ መጥተው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከላይ፣ እሳቸው ከታች። ምን ልጻፍ ጌታዬ ብዬ ቁልቁል ሳያቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። እኛ አገር ወንበር መቀመጫ ብቻ መሰላችሁ? ማዕረግም ነው። ጸሐፊ ከኃላፊ በላይ ተቀምጣ ሁለተኛ እንዳላይ ብለው አዘዙ። ወረድኩ። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

ጋሽ ጫኔ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ፤ ጆሮዬ እንኳ ደኅና ነበር። እሷ መውረዷ ደግ ነው፣ ጠረጴዛውም አብሯት ይውረድ አሉ። ኃላፊው የመንግሥት ንብረት በመጋዝ አይነካም ብለው መለሱ።

«ለመንግሥት የሚሻለው ሙሉ ጠረጴዛ ነው ወይስ ሙሉ ጸሐፊ?» አሏቸው ጋሽ ጫኔ።

ኃላፊው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እንደማይገቡ፣ ሰኞ ሲገቡም ጠረጴዛ የማየት ልማድ እንደሌላቸው ተናገሩ። እግዜር ይስጣቸው።

ቅዳሜ ጋሽ ጫኔ መጋዝ ይዘው መጡ። ወንበሬ ላይ አስቀምጠው ከክርኔ እስከ ወለሉ በገመድ ለኩ። ከአራቱም እግር ስንዝር የምታህል ቆረጡ። ስጽፍ ትከሻዬ በቦታው ቀረ። በወሩ መጨረሻ አንድ ሰው ከኋላዬ ጠራኝና አንገቴ ብቻዋን ዞረች፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጣቶቼም መደንዘዝ ለቀቀኝ፣ ሌላ ጸሐፊም ሳይፈለግ ቀረ። ኋላ ኮምፒዩተር ሲመጣ አዲስ ጠረጴዛ ሊሰጡኝ ነበር፤ ያንኑ የተቆረጠውን አልለቅም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ዛሬ ድረስ በእነዚህ ጣቶች መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው፣ ጥጥ የምፈትለው በጋሽ ጫኔ ምክንያት ነው።

ታዲያ በዳነው እጄ መጀመሪያ የጻፍኩት ምን መሰላችሁ? ለጋሽ ጫኔ ወንበር እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ማመልከቻ። እሳቸው እኮ ውሏቸው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ነው፤ ማናችንም አስበነው አናውቅም። ኃላፊው ወዲያው ፈረሙ። ወንበሩ መጣ፤ መደገፊያ ያለው፣ ስፖንጅ ያለው፣ በቁመታቸው ልክ። መረቁኝ፤ ምርቃቱ ብቻ ለዘር ማንዘሬ ይበቃል።

በሦስተኛው ቀን ስገባ ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጋሽ ጫኔ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። ከፋኝ። ለእኔ ያወቁትን ለራስዎ እንዴት ያጡታል ብዬ ተቆጣኋቸው። ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንበሩስ ልኬ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሁለቱን ቀን ጥሩ አድርጌ ተኛሁበት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በሩን ሲጠብቅ የኖረው ድንጋዩ ነው።»