የጋሽ አበራ ኮሚሽን

ከሌላ ባንክ ማሽን ብር ማውጣትን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የቀጨኔው ጎረቤቴ ጋሽ አበራ እንዲህ ናቸው። ደጃቸው ላይ ማሽን ተተክሎላቸው ሳለ፣ ‹ኮሚሽን ይቆርጥብኛል› ብለው እያማተቡ ያልፉትና ሽሮ ሜዳ ወዳለው የባንካቸው ማሽን በታክሲ ይሄዳሉ። መቼም መርህ ያለው ሰው አያርፍም!

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ሦስት የሰፈር ሰዎች አገኘን። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ ሁላችንም ኪሳችን ገባን። ጋሽ አበራ እጃችንን እየገፉ፣ «እኔ ልሙት፣ ማንም አይከፍልም!» ብለው የአምስታችንንም ከፈሉ።

ስንወርድ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከኮሚሽኑ በለጠ» አልኳቸው።

«ታዲያ ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ ‹ይተዉ፣ እኔ ልክፈል› ብሎ ታግሎኛል?» አሉኝ።